«ወተት በጉንጬ»፦ ፕሮቲን ሲታጠፍ፣ ማሽላ ሲጣፍጥ

ወሎ ውስጥ «ወተት በጉንጬ» የሚባል የማሽላ ዘር አለ። «ማርጩቄ» የሚሉትም አለ። እነዚህን ስሞች ያወጣ ኮሚቴ የለም። ገበሬው እሸቱን እሳት ላይ ለብለብ አድርጎ፣ በመዳፉ አሽቶ፣ አፉ ውስጥ ጨመረው፤ አንዱ ወተት፣ ሌላው ማር አስታወሰው፤ በቃ፣ ስም ወጣ።

እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የነበሩት ሲንግ እና ጆን አክስቴል አንድ ጥናት አሳተሙ። ከመላው ዓለም የተሰበሰቡ 9,000 ያህል የማሽላ ዓይነቶችን ሲያበጥሩ የፈለጉት ላይሲን የተባለውን ንጥረ ነገር በብዛት የያዘ ዘር ነበር። ከዚያ ሁሉ ክምር ሁለት ብቻ ጎልተው ወጡ። ሁለቱም የኢትዮጵያ፣ ሁለቱም የወሎ። ገበሬው ወተትና ማር እያለ ከሚጠራቸው ወገን።

ዓመቱን ልብ በሉልኝ። 1973 ማለት በእኛ አቆጣጠር 1965 እና 1966 ዓ.ም. ነው፤ ወሎ በረሃብ የረገፈበት ጊዜ። የወሎ ሰው እህል አጥቶ በየመንገዱ ሲወድቅ፣ የዚያው አገር ማሽላ ባሕር ማዶ ላብራቶሪ ውስጥ ከተመረመሩት ሁሉ የላቀ መሆኑ እየተመሰከረለት ነበር።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ጥንቅሽ እየመጠጥኩ፣ የማሽላ እንጀራ እየበላሁ፣ ስለ ጦሳና ስለ ሐይቅ ሲወራ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ይሄን ታሪክ ግን በአሥራ ሁለት ዓመት የትምህርት ቤት ቆይታዬ ማንም አልነገረኝም። ያገኘሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ፣ በስልኬ ሳነብ ነው። ስለዚህ ዛሬ ልንገራችሁ። ወሬው የማሽላ ቢመስልም ውስጡ ሌላ ጥያቄ አለ፤ አንድ ፕሮቲን ቅርፁ ሲለወጥ ምን ይሆናል? «ብልሽት» የምንለው ነገርስ አንዳንዴ ሲሳይ ሆኖ የሚገኘው እንዴት ነው?

ዶቃ፣ ክርና ነጠላ

ፕሮቲን ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣልን ሥጋ፣ እንቁላልና ጂም ቤት ነው። ሲጠጉት ግን ፕሮቲን ማለት በክር ላይ የተሰካ ዶቃ ነው። ዶቃዎቹ አሚኖ አሲድ ይባላሉ፤ 20 ዓይነት ናቸው። አንዱ ዶቃ ውኃ ይወዳል፣ ሌላው ውኃ ይሸሻል። አንዱ ወፍራም ነው፣ ሌላው ቀጭን። የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚሰካ የሚያዝዘው በሕዋሱ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ነው።

ክር ብቻውን ግን ልብስ አይደለም። ይሄ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ላላት ለኮምቦልቻ ልጅ አይነገረውም። የፕሮቲኑ ክር ሥራ የሚጀምረው ተጣጥፎ የራሱን ቅርፅ ሲይዝ ነው። ውኃ የሚሸሹት ዶቃዎች ወደ ውስጥ ይሸጎጣሉ፣ ውኃ የሚወዱት ወደ ውጪ ይወጣሉ፣ የሚሳሳቡት ይጠጋጋሉ። ብዙ ጊዜ ይሄ ሁሉ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ያልቃል።

አጣጣፉ ለምን ያን ያህል ዋጋ አለው? የእናቶቻችንን ነጠላ አስቡ። ያው አንድ ነጠላ በዓል ሲሆን በአንድ መንገድ ይጣፋል፣ ለቅሶ ሲሆን ይዘቀዘቃል። ከሩቅ ያየ ሰው አለባበሱን አይቶ ብቻ ወደ ሠርግ ይሁን ወደ ሐዘን እንደምትሄድ ያውቃል። ጨርቁ ያው ነው፤ መልእክቱን የለወጠው አጣጣፉ ነው። ፕሮቲንም እንዲሁ ነው። እንቁላል ስትጠብሱ ፈሳሹ ነጭ ሆኖ የሚጠጥረው የውስጡ ፕሮቲን እጥፋቱ በሙቀት ተፈትቶ እርስ በርሱ ስለተተበተበ ነው። ከላይ የተጨመረ ነገር የለም። የተለወጠው ቅርፁ ነው፤ ያ እንቁላል ግን ከእንግዲህ ጫጩት አይሆንም።

ሚውቴሽን የሚባለው ደግሞ በዲኤንኤው ጽሑፍ ላይ የሚመጣ ለውጥ ነው። አንዲት ፊደል ስትለወጥ «ጠላ» የነበረው «ገላ» ይሆናል። አንዳንዱ ለውጥ ምንም አያመጣም። አንዳንዱ አንድ ዶቃ አውጥቶ ሌላ ይተካል፤ የተተካው ዶቃ ቦታው ላይ ካልተመቸ እጥፋቱ በሙሉ ሊናጋ ይችላል። የትኛው ለውጥ ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ ሳይንቲስቶች ለረጅም ጊዜ ተቸግረዋል፤ ፕሮቲን በጣም ትንሽ ነገር ነው፣ መታጠፍ አለመታጠፉ በዓይን አይታይም። በኋላ ግን የሚታይ አንድ ፕሮቲን ተገኘ። እሱም የሚያበራ ነው።

ባሕር ውስጥ ያለ ፋኖስ

በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ፣ በቀዝቃዛው ባሕር ውስጥ፣ አንድ የጄሊፊሽ ዝርያ አለ። ጃፓናዊው ኦሳሙ ሺሞሙራ ይህ እንስሳ ለምን እንደሚያበራ ሲመረምር እ.ኤ.አ. በ1962 አንድ አረንጓዴ ብርሃን የሚሰጥ ፕሮቲን ማግኘቱን አሳወቀ። ዛሬ ይህ ፕሮቲን በአጭሩ ጂኤፍፒ ይባላል። ሰማያዊ ወይም አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍበት መልሶ አረንጓዴ ይረጫል።

ቅርፁን ለመረዳት ፋኖስ አስቡ። ኩራዝ ንፋስ ሲነካው ይጠፋል፤ ፋኖስ ግን መስታወት ስላለው ክሩ ተረጋግቶ ይነዳል። ጂኤፍፒ 238 ዶቃዎች አሉት። 11 ጥብጣቦች ዙሪያውን ቆመው በርሜል ይሠራሉ፤ ይሄ መስታወቱ ነው። በበርሜሉ መሐል 65ኛው፣ 66ኛውና 67ኛው ዶቃ እርስ በርስ ተቆላልፈው ብርሃን ሰጪውን ክፍል ይሠራሉ፤ ይሄ ክሩ ነው። አስገራሚው ነገር ክሩ የሚለኮሰው መስታወቱ በትክክል ከቆመ ብቻ መሆኑ ነው። በርሜሉ ካልታጠፈ ሦስቱ ዶቃዎች አይቆላለፉም፤ ብርሃን የለም። ስለዚህ ጂኤፍፒ መታጠፉን ራሱ ይናገራል፤ ካበራ ታጥፏል።

ተመራማሪዎች በዚህ ፋኖስ ላይ ዶቃ እየቀየሩ ያላዩት ነገር የለም። 65ኛውን ሴሪን አውጥተው ትሪዮኒን ሲተኩ ብርሃኑ ደመቀ፣ ቶሎም በራ። 66ኛውን ታይሮሲን በሂስቲዲን ሲቀይሩ አረንጓዴው ሰማያዊ ሆነ። 203ኛውን ዶቃ ሲለውጡ ወደ ቢጫ ሄደ። የመጀመሪያው ጂኤፍፒ የቀዝቃዛ ባሕር ልጅ ስለሆነ በሰው ሰውነት ሙቀት፣ በ37 ዲግሪ፣ በደንብ መታጠፍ ይቸግረው ነበር። 64ኛው ዶቃ ላይ የተደረገች አንዲት ለውጥ ሙቀቱን አስለመደችው።

እነዚህ የተሳካላቸው ናቸው። ያልተሳካላቸውስ? እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ከ50,000 በላይ የጂኤፍፒ ልውጦችን ለክቶ ነበር። አንድ ለውጥ ብቻ ካላቸው ከአራቱ ሦስቱ ብርሃናቸው ቀንሷል። አራት ለውጥ ካላቸው ደግሞ ግማሾቹ ጭራሽ ጨልመዋል። ብዙ ጊዜም አንድ ለውጥ ብቻውን ሲመጣ ፋኖሱ ይችለዋል፤ ሌላ ሲደረብበት ግን ይወድቃል። ጭነት ላይ ጭነት እንደተጫነባት አህያ።

ከዚህ ሌላ ጥበብ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1999 ተመራማሪዎች ጂኤፍፒን ከሌላ ፕሮቲን ጋር አጣብቀው መሠራት ጀመሩ። ፊት የተሰካው ፕሮቲን በደንብ ከታጠፈ ፋኖሱ ይበራል፤ እሱ ከተተራመሰ ፋኖሱንም ይዞት ይጠፋል። የማይታየው ፕሮቲን የሚያበራ ምስክር አገኘ ማለት ነው።

ለዚህ ፕሮቲን ሥራ እ.ኤ.አ. በ2008 ሺሞሙራ፣ ማርቲን ቻልፊ እና ሮጀር ቺየን የኬሚስትሪ ኖቤል ወሰዱ። የጂኤፍፒን ጂን መጀመሪያ ለይቶ ያወጣውና ለሁለቱ በነፃ የላከላቸው ዳግላስ ፕራሸር ግን ያኔ አላባማ ውስጥ በአንድ የመኪና መሸጫ ድርጅት ደንበኛ የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። ዘሩን የሰጠ መድረክ ላይ አልነበረም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ለእኛም ማሽላ ትሆናለች።

ማሽላችን ሆድ ውስጥ ያለው እንክብል

አሁን ከባሕሩ እንውጣና በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ እንውረድ። ደሴ ብርድ ነው፤ ገብስና ስንዴ። ኮምቦልቻን አልፋችሁ ወደ ሐርቡና ወደ ከሚሴ፣ ወይም ወደ ባቲ ስትሉ ግን መንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላ ነው። እዚያ ላለ ሰው ማሽላ እንጀራ ነው፣ ገንፎ ነው፣ ንፍሮ ነው፣ ጠላ ነው፣ አገዳው የቤት መሥሪያ፣ የማገዶና የከብት መኖ ነው።

ማሽላ ፕሮቲን የለውም ማለት አይቻልም። ችግሩ የፕሮቲኑ ዓይነትና አጣጣፍ ነው። በፍሬው ውስጥ የሚጠራቀመው ዋናው ፕሮቲን ካፊሪን ይባላል። ካፊሪን ላይሲን የሚባለው ዶቃ የለውም ማለት ይቻላል። ላይሲን ደግሞ ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው የማይችል፣ ከምግብ የግድ የሚያገኘው ነገር ነው። ልጅ ሥጋው የሚሞላው፣ ቁመቱ የሚረዝመው ከሌሎቹ ዶቃዎች ጋር እሱም ሲሟላ ነው። በተለመደው ማሽላ ከ100 ግራም ፕሮቲን ውስጥ ላይሲኑ 2 ግራም አካባቢ ነው። ከወሎ የሄዱት ሁለቱ ዘሮች ግን ከ3 ግራም በላይ ይዘው ተገኙ። የፕሮቲናቸው ጠቅላላ መጠንም ከፍ ያለ ነበር። አይጦች ሲመገቧቸው ተራውን ማሽላ ከበሉት ይልቅ በደንብ ክብደት ጨመሩ።

ሁለተኛው ችግር አቀማመጡ ነው። ካፊሪኖች ፍሬው ውስጥ ዝም ብለው አልተበተኑም፤ ተጠቅልለው ጥቃቅን ክብ እንክብሎች ይሆናሉ። ከእንክብሉ መሐል አንዱ ዓይነት ካፊሪን ይቀመጣል፤ ዙሪያውን ደግሞ ሌሎች ዓይነቶች በድኝ ሰንሰለት ተያይዘው እንደ ቅርፊት ይሸፍኑታል። ማሽላ በውኃ ሲቀቀል ይህ ሰንሰለት ይባስ ይጠነክራል። ስለዚህ የሆድ ውስጥ ፈጪዎች ቅርፊቱን ቶሎ አይሰብሩትም። እ.ኤ.አ. በ1981 በታተመ አንድ ጥናት፣ ፔሩ ውስጥ ከምግብ እጥረት ያገገሙ ሕፃናት የተቀቀለ ማሽላ ሲመገቡ ሰውነታቸው የወሰደው ከፕሮቲኑ ግማሽ ያነሰውን ነበር። ሆድ ይሞላል፤ ሰውነት ግን ድርሻውን አያገኝም።

እናቶቻችን ይሄን በስሙ ባይጠሩትም መላ ነበራቸው። ሊጡን ያቦኩታል፤ መቡካቱ ፕሮቲኑ በቀላሉ እንዲፈጭ ይረዳል። እንጀራውን በሽሮ ወይም በምስር ወጥ ያቀርቡታል፤ ጥራጥሬ ደግሞ ላይሲን ሞልቶታል። ማሽላው የጎደለውን ወጡ ይሞላዋል። ወጡ ከሌለስ? የክፉ ቀን ጥያቄ ይሄ ነው። በክፉ ቀን ከገበታው መጀመሪያ የሚጠፋው ወጡ ነው።

አድራሻው ያልተቆረጠለት ፕሮቲን

ከወሎ ዘሮች መገኘት በኋላ በዚያው በፐርዱ የማሽላ ዘር በኬሚካል ተነክሮ ሆን ተብሎ ሚውቴሽን እንዲያመጣ ተደረገ። ከዚያ ከወጡት አንዱ «ፒ 721» የሚል ቁጥር ተሰጠው። ይሄ የወሎው ሳይሆን ሌላ፣ በሰው እጅ የመጣ ለውጥ ነው፤ ግን እንደ ወሎው ፍሬው ዱቄታም ነው፣ ላይሲኑም ከፍ ያለ ነው። ከዚህ መስመር የተዳቀሉ አንዳንድ ዘሮች ደግሞ ሲቀቀሉ እንኳ በቀላሉ የሚፈጩ ሆነው ተገኙ።

ምሥጢሩ የተፈታው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2000 በማይክሮስኮፕ ሲታዩ፣ እንክብሎቹ ክብ አልነበሩም። ተሸብሽበው፣ ጥልቅ እጥፋት እጥፋት ሠርተው ነበር። ጠንካራው ካፊሪን ዙሪያውን በመሸፈን ፈንታ እጥፋቶቹ ግርጌ ተሸጉጧል፤ የመሐሉ ካፊሪን ተጋልጦ ወጥቷል። በር የተከፈተለት ጎተራ በሉት። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ምክንያቱ ታወቀ፤ አንዲት ፊደል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካፊሪን ሲሠራ ከፊቱ አጭር የአድራሻ ቁራጭ ይለጠፍበታል፤ «ወደዚህኛው ክፍል ግባ» የሚል። ከገባ በኋላ ቁራጩ ይቆረጣል፣ ካፊሪኑም ተጣጥፎ እንክብሉ ውስጥ ቦታውን ይይዛል። በዚህ ማሽላ ግን መቁረጫው ቦታ ላይ አንድ ዶቃ ተቀይሯል፤ ስለዚህ ቁራጩ አይቆረጥም። ፖስታ ቤት ደርሶ ከነፖስታው የቀረ ደብዳቤ ማለት ነው። አድራሻው ያልተቆረጠለት ካፊሪን በቅጡ አይቀመጥም፣ የሌሎቹንም አቀማመጥ ያዛባል፣ እንክብሉ ይሸበሸባል፣ የካፊሪን መጠን ይቀንሳል። ተክሉ ደግሞ ቦታውን ላይሲን ባላቸው ሌሎች ፕሮቲኖች ይሞላል።

እንግዲህ አስቡት። ለተክሉ ይሄ ብልሽት ነው፤ ለጥሩ ዘር ያስቀመጠው ስንቅ ተዛብቶበታል። ለሚበላው ልጅ ግን ያው ብልሽት ምግብ ነው። በጂኤፍፒ ላይ ያየነው ሕግ እዚህም ይሠራል፤ አንድ ለውጥ እጥፋቱን ያናጋል። ልዩነቱ ፋኖሱ ሲናጋ ብርሃኑን እናጣለን፤ እንክብሉ ሲናጋ ግን የተቆለፈ ነገር ይከፈትልናል።

ሌላም ምሳሌ አለ፤ እሱ ደግሞ ለወሎ ጆሮ ይጣፍጣል። አቀንጭራ የማሽላን ሥር እየመጠጠ ማሳ ሙሉ የሚያደርቅ አረም ነው። እሱን የሚቋቋሙ ዘሮች ላይ የሠሩት ወሎንኮሚ የተወለዱት፣ በፐርዱ የአክስቴል ተማሪ የነበሩትና እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ናቸው። ለኢትዮጵያ ገበሬ ከተለቀቁት የአንዱ ስም «ጎብዬ»፣ የሌላው «አብሽር» ነው። አዎ፣ እኛ ወሎዬዎች የከፋውን ሰው የምናጽናናበት «አብሽር»። እ.ኤ.አ. በ2017 የእሳቸው ቡድን የመቋቋሙን አንድ ምንጭ አሳየ፤ ማሽላው አንድ ጂን ስለጎደለው ከሥሩ የሚለቀው ኬሚካል ተለውጧል፣ አቀንጭራውም የመብቀያ ምልክቱን በደንብ አያገኝም። ጉድለት እንደገና ጥቅም ሆነ።

ታዲያ ለምን ሁላችንም አንበላውም?

ባለፈው ጥቅምት ኮምቦልቻ ገበያ እህል ተራ ወርጄ ነበር። አንዲት ማሽላ የሚሸጡ እናት ጋ ጠጋ ብዬ፣ «እማማ፣ ወተት በጉንጬ ይኖራል?» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «የኔ ልጅ፣ እሱ እኮ ገበያ አይወጣም። ለልጆች እሸት ተብሎ ማሳው መሐል ጣል ጣል የሚደረግ ነው። ጎተራ መች ይደርስና!»

«ለምን ብዙ አይዘራም?»

«ወፉ አያስተርፈውማ። ነቀዙስ? ፍሬው ልም ነው። ለዓመት ቀለብ እሱን ያመነ ይራባል።»

ያሉት ተመራማሪዎቹ ከጻፉት ጋር አንድ ነው። እነዚያ በደንብ የታሸጉ፣ እንደ ድንጋይ የጠጠሩ እንክብሎች ለሆዳችን ቢያስቸግሩም ፍሬውን ጠንካራ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ሲላሉ ፍሬው ዱቄታም ይሆናል፣ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ነቀዝና ሻጋታ ይደፍረዋል። ምርቱም ያንሳል። ስለዚህ ከ1973ቱ ግኝት በኋላ የታሰበው ያህል በየማሳው አልተስፋፋም። የእጥፋት ሕግ በነፃ አይሰጥም፤ አንድ ቦታ የተገኘው ሌላ ቦታ ይከፈላል።

ገበሬው ይሄን ሒሳብ ከሳይንሱ በፊት ሠርቶት ነበር ብዬ አምናለሁ። ለጎተራ ጠንካራውን ማሽላ ዘራ። ለልጁ ደግሞ፣ ማማ ላይ ተቀምጦ በወንጭፍ ወፍ ለሚጠብቀው ልጅ፣ መሐል መሐል ላይ ወተት በጉንጬን ጣል አደረገ። ፍሬው ሳይደርቅ፣ ነቀዝ ሳይደርስበት፣ በእሸትነቱ ተጠብሶ ይበላል። በጣም የሚያስፈልገው ሰው በጣም በሚያስፈልገው ጊዜ ያገኘዋል፤ ወሩ ያለፈው ዓመት እህል ያለቀበት፣ አዲሱ ያልደረሰበት ነውና። ይሄን ያሰበ ሰው ስም አንድም ቦታ አልተጻፈም። ፕራሸርን ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ስልካችሁ ምን ያውቃል፣ ምን አያውቅም

አሁን ጥሩ ዜና። ከሃያ ዓመት በፊት የአንድ ፕሮቲንን እጥፋት ለማወቅ ዓመታት ይፈጅ ነበር። ዛሬ «አልፋፎልድ» የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ከ200 ሚሊዮን በላይ ፕሮቲኖችን ቅርፅ ተንብዮ በነፃ አስቀምጧል፤ ሠሪዎቹም እ.ኤ.አ. በ2024 ከኖቤል ኬሚስትሪ ሽልማት ድርሻ አግኝተዋል። ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣችሁ የጂኤፍፒን በርሜል በስልካችሁ ከፍታችሁ በጣታችሁ ማሽከርከር ትችላላችሁ። የማሽላ ካፊሪንም አለበት። ቲክቶክ ላይ ከሚያልፈው ሰዓት አሥር ደቂቃ ብትሰጡት አትከስሩም።

ግን ልክ እናብጅለት። እንዲህ ያለው ሥርዓት የታጠፈውን ቅርፅ በመገመት ጎበዝ ነው፤ አንዲት ዶቃ ብትቀየር ያ ቅርፅ ይቆማል ወይስ ይፈርሳል የሚለውን በመመለስ ግን ያን ያህል አይታመንም። ዞሮ ዞሮ ቁርጡን የሚናገረው ሙከራው ነው። ፋኖሱ ይበራል ወይስ አይበራም፤ ልጁ ይወፍራል ወይስ አይወፍርም። ለሙከራ ደግሞ ዘሩ ራሱ ያስፈልጋል። ከማሳ የጠፋ ዘር በስልክ አይበቅልም።

ዘር የማቆየት ነገር ላይ አገራችን ሰው አላጣችም። እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው የዘር ባንክ አለ። ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን ሳይቀር እንዳይበላው፣ የአገር ዘር እንዳይጠፋ ደክመዋል፤ በኋላም ከወሎና ከሸዋ ገበሬዎች ጋር ዘሩ በየማሳው እየተዘራ እንዲጠበቅ ሠርተዋል። በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት አግኝተዋል። የእሳቸው እምነት ቀላል ነበር፤ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ አይጠበቅም፣ ገበሬው እጅ ላይም መኖር አለበት። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ዘር ድርቁን፣ ወፉንና ነቀዙን አይለማመድም። ማቀዝቀዣው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ፤ በየትኛው ወር እንደሚጠበስ፣ ለማን እንደሚሰጥ፣ ማሳው ውስጥ የት ጣል እንደሚደረግ።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ነው። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ሰሜን ወሎ ውስጥ ነው። ባዮሎጂ ወይም ግብርና ለምትማሩ ሁሉ ይሄ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ደጃችሁ ላይ ተኝቷል። የዓለም ተመራማሪ ከ9,000 ዘር መርጦ ያወጣው ማሽላ የአያቶቻችሁ ማሳ ላይ ዛሬም አለ ወይስ የለም? ላይሲኑ ሳይጠፋ ፍሬው የሚጠነክርበት መስመር ይወጣል? እንክብሎቹ ምን ይመስላሉ? በበቆሎ ላይ ይሄ መንገድ ተሂዷል። እ.ኤ.አ. በ1964 ላይሲኑ ከፍ ያለ ግን ፍሬው ልም የሆነ በቆሎ ታወቀ፤ አዳቃዮች ለብዙ ዓመታት ጠንካራ ፍሬ ካላቸው ጋር እያዳቀሉ በመጨረሻ ሁለቱንም የያዘ ዘር አወጡ፤ እኛም አገር ገብቷል። ማሽላ ያን ያህል ትዕግሥት አላገኘም።

ተማሪ ላልሆናችሁትም ሥራ አለ። መጪው ጥቅምት ወደ ቃሉ፣ ወደ ሐርቡ፣ ወደ ባቲ ወይም ወደ ተሁለደሬ ዘመድ ጥየቃ ስትሄዱ ስልካችሁን ለሰልፊ ብቻ አታውጡት። አባባን ጠይቋቸው፤ «ለእሸት የምትዘሩት የትኛውን ነው? ስሙ ማን ነው? ዘሩን ከማን አገኛችሁት?» ብላችሁ ድምፃቸውን ቅረጹ። ዛላውን ፎቶ አንሱ። ቦታውንና ወሩን ጻፉ። ከዚያ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ አሳዩት፣ ለዩኒቨርሲቲውም አድርሱት።

ስትቀምሱትም ጣዕሙን ጻፉ። የዚህ ማሽላ የመጀመሪያው የላብራቶሪ ውጤት እሱ ነበር።